ነጠላው ከትከሻ ሲወርድ፦ ስለ እስክስታ አልባሳት



ስሙን በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ያገኘው ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶቹ የታወቀ ሰፈር ነበር፤ ከባምቢስ ሳንርቅ ማለቴ ነው። መላኩ በላይ የመራው ፈንድቃም ከእነዚሁ አንዱ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ተወዛዋዧ ከመነሣቷ በፊት ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ ታስራለች። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህች ትንሽ ድርጊት ነው።

በስፔን የፍላሜንኮ ቀሚስ ክብደቱ ከወገብ በታች ነው፤ ተወዛዋዧ ረጅሙን ባለ ጅራት ቀሚስ በእግሯ እየመታች ታዞረዋለች። ትከሻዋ ላይ የምትጥለው ባለ ዘርፍ የሐር ሻርፕ የማኒላ ይባል እንጂ መነሻው የቻይና ጥልፍ ነው። (አገርኛ የምንለው ልብስ ሁሉ አገር ውስጥ አልተወለደም።) እስክስታ ግን የትከሻና የደረት ውዝዋዜ ነውና ልብሱ ከላይ ነፃ፣ ከወገብ ጠበቅ ያለ መሆን አለበት። ነጠላው ሲታሰር የወገቡ እርጋታ የትከሻውን እንቅጥቅጥ አጉልቶ ያሳያል። በሐዘን ጊዜ ወደ አንገት የሚዞረው ጥለት፣ በጭፈራ ጊዜ ዳሌ ላይ ያርፋል።

ዛሬ በብዙ መድረኮች የምናየው የጥለት ምስል የታተመበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ የውዝዋዜ ቡድኖችን አቅም ስለማውቅ አልፈርድባቸውም። ዳሩ ግን ጨርቁ ያንሸራትታል፣ ቋጠሮም አይዝም። ተማሪዎቼ በመርፌ ቁልፍ ያያይዙታል፤ ይፈታብናል ብለው ስለሚሰጉም ትከሻቸውን በሙሉ ልብ አይለቁትም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራውን የጥጥ ነጠላ ባሰሩ ቀን ግን እጃቸው ወደ ወገባቸው አይመለስም።