ሽለላ በሳክስፎን

ከመንዝ ግርጌ በይፋት የተወለደው ሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው የመሣሪያ ሸክላ በዘፋኞች ሥራዎች ተጋርዶ ብዙ ዘመን ቆይቷል። መነሻው ሽለላ ነው። ሸላዩ አንዱን ድምፅ ጎትቶ ይይዛል፣ ድንገት ይሰብረዋል፣ ከዚያ ቃሉን እያከታተለ ያወርደዋል። ጌታቸው ቃሉን ትቶ የቀረውን ሁሉ፣ የጉሮሮውን ሻካራነት ሳይቀር፣ በቴነር ሳክስፎን ተጫወተው። ይህን የጀመረው በ1950ዎቹ ሲሆን፣ የአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ገና ስም አላወጣም ነበር። ስለዚህ የፍሪ ጃዝ ፈር ቀዳጁ የኦርኔት ኮልማን ተከታይ አድርጎ መስማት ስህተት ነው። አልበሙ በ2003 በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች 14ኛ ቅጽ ዳግም ታተመ። አዛውንቱ በ2006 ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን አወጣ፤ እዚያ ሽለላው ከሮክ ጊታር ጋር ይፋለማል። ለጀማሪ አድማጭ ግን የቀደመው ሸክላ ይሻላል፤ አጃቢዎቹ ረጋ ስለሚሉ የሳክስፎኑ ትንፋሽ ጥርት ብሎ ይሰማል።