ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ
የብርድ ወራት ዕረፍቱን በባዕድ አገር ስለሚያሳልፍ ተማሪ ለመምህራን የተደረገ ንግግር



አንድ ተማሪ ለትምህርት ልውውጥ ወደ ውጭ አገር በሚላክበት ጊዜ ብዙ ነገር ይመረመራል። የትምህርት ውጤቱ ይታያል፤ የቋንቋ ችሎታው ይፈተናል፤ ጤንነቱ ይረጋገጣል፤ ፓስፖርቱና ቪዛው ይዘጋጃል። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፥ መምህራኑ ወደየቤታቸው ገብተው፥ ጓደኞቹም ወደየወላጆቻቸው በሄዱባቸው ሳምንታት ይህ ልጅ የት እንደሚውልና የት እንደሚያድር የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግር ስለ እነዚህ ሳምንታት ነው።

አስቀድሞ የቃሉ ትርጉም ሊጣራ ይገባል። በአማርኛ ክረምት ሲባል ዝናም የሚዘንብበት፥ ወንዝ የሚሞላበት፥ ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን የሚቆጠረው ዘመን ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን ብርዱ የሚበረታው በኢትዮጵያ መኸር ተሰብስቦ በጋ በሚገባበት ወራት ነው። ስለዚህ «የክረምት ዕረፍት» የሚለውን ቃል የሰማ ተማሪ፥ በአገሩ የለመደው ረጅሙ ዕረፍት ይመስለዋል፤ የሚያገኘው ግን የጥቂት ሳምንታት የበረዶ ዕረፍት ነው። በስቶክሆልም በዲሴምበር መጨረሻ የቀኑ ርዝመት ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የማያንስ ቀን ሲያይ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ፥ ይህ ጨለማ ብቻውን ሆድ የሚያስብስ ነገር ነው።

ሁለተኛው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። ዲሴምበር 25 ቀን በኢትዮጵያ ታኅሣሥ 16 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 15 ቀን ይሆናል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ስለሚጀምር፥ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ አስተናጋጆቹ በዓል በሚያደርጉበት ቀን በጾም ላይ ነው። በስዊድን የልደት ማዕድ ዋናው ምግብ የአሳማ ሥጋ መሆኑን ብናስብ፥ ያ ልጅ በማዕዱ ፊት ምን ያህል እንደሚጨነቅ መገመት አያስቸግርም። የእሱ በዓል የሚውለው ጃንዋሪ 7 ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ግን የአስተናጋጆቹ በዓል አልፏል፥ ብዙው ሰውም ወደ ሥራው ተመልሷል። የእስላም ልጅም የራሱ ሒሳብ አለው፤ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚመለስ፥ በ2030 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጃንዋሪ መጀመሪያ አንድ ጊዜ፥ በዲሴምበር መጨረሻ ሁለተኛ ጊዜ ይገባል።

የትምህርት ልውውጥን ያቋቋሙ ሰዎች ይህን ነገር ሳያስቡት አልቀሩም። ዶናልድ ዋት የተባሉት አሜሪካዊ በ1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለጀመሩት ሥራ ከጊዜ በኋላ መሠረት ያደረጉት ወጣቶች በሌላ አገር ከአንድ ቤተ ሰብ ጋር አብረው እንዲኖሩ ማድረግን ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ቁስለኞችን በአምቡላንስ ያመላለሱት የአሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ በጎ ፈቃደኞችም፥ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ማለዋወጥ ሲጀምሩ ያንኑ መንገድ ተከተሉ። ቤተ ሰብ ያለው ተማሪ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ቤቱ አይዘጋበትም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በተማሪዎች ማደሪያ ነው፤ በአሜሪካም ብዙ ማደሪያዎችና የምግብ አዳራሾች በዚህ ዕረፍት ይዘጋሉ። በጀርመን ዲሴምበር 24 ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቆች ይዘጋሉ፤ 25 እና 26ም በዓል ናቸው፤ ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ተማሪ ዳቦ የሚገዛበት አጥቶ በክፍሉ ተዘግቶ ሊውል ይችላል።

ይሁን እንጂ ከብርዱም፥ ከረኃቡም የሚከፋ ነገር አለ፤ እርሱም ያለ ጥፋት የሚፈጠር መቀያየም ነው። በኢትዮጵያ የመሸበት መንገደኛ በማያውቀው ደጅ ቆሞ ቢጣራ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባላል፤ ባለቤቱ እንግዳውን ያስገባል እንጂ እንግዳው ቀጠሮ አይጠየቅም። በዚህ ልማድ ያደገ ተማሪ፥ ብቻውን መሆኑን እያዩ የማይጠሩት ሰዎች ልባቸው የደነደነ ይመስለዋል። በብዙ የሰሜን አገሮች ግን ሰውን ሳይጠየቁ በጉዳዩ መግባት ነውር ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ጎረቤቱ «ይህ ልጅ ብቸኝነት ይወዳል፤ ቢፈልግ ይናገር ነበር» ብሎ ይተወዋል። ልጁ ጥሪ ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ጥያቄ ይጠብቃል፤ በመካከሉ ዕረፍቱ ያልቃል። ተማሪው «ሕዝቡ ደግ አይደለም» የሚል ፍርድ ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ እነዚያም «የዚያ አገር ሰዎች ዝምተኞች ናቸው» ብለው ይቀራሉ። ሁለት ሕዝቦችን ሊያስተዋውቅ የተላከ ልጅ ሁለቱንም በሐሰት አስተዋወቀ ማለት ነው።

ተጠርቶ የሄደውም ቢሆን ያልተማረው ትምህርት ይጠብቀዋል። በአገሩ እንግዳ ምግብ ሲቀርብለት በመጀመሪያ ይግደረደራል፤ ባለቤቷም «በሞቴ፤ አፈር ስሆን» እያለች ትለምነዋለች። በዚያ ግን «አይ፥ በቃኝ» ያለ ሰው በእውነት በቅቶታል ተብሎ ሳህኑ ይነሣል፤ ልጁም ርቦት ይተኛል። በአገሩ እንግዳ ዕቃ ልጠብ ቢል ባለቤቲቱ ታፍራለች፤ በዚያ ግን ከማዕድ ተነሥቶ ላግዛችሁ ያላለ ወጣት ያልተቀጣ ይባላል። በጾም ላይ ያለውም ዝም ብሎ ሳህኑን ከሚገፋ ይልቅ፥ ቀደም ብሎ «በሃይማኖቴ በዚህ ወራት ሥጋና ወተት አልበላም፤ አትክልትና ዳቦ ይበቃኛል» ቢል፥ አስተናጋጁ ከመቀየም ይልቅ ስለ ጾሙ ይጠይቀዋል። ልውውጥ የሚባለውም በዚያች ሰዓት ይጀምራል።

ይህ ነገር የሚመለከተው ላኪዎችን ብቻ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1958) የኢትዮጵያ መንግሥት ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጥቶ ብዙዎች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ከእነርሱም ልደትን በዲሴምበር 25 ማክበር የለመደው ያገኘው፥ ቀኑን እንደ ማንኛውም ቀን የሚያሳልፍና አብዛኛው ምእመን በጾም ላይ ያለበት ከተማ ነው። እንግዳ በመቀበል የታወቀ አገር እንኳ፥ የእንግዳውን በዓል ካላወቀ እንግዳውን በበዓሉ ቀን ብቻውን ሊያስቀምጠው ይችላል። ዛሬም ከጎረቤት አገሮች መጥቶ የሚማር ልጅ በየትኛው ቀን አገሩን እንደሚናፍቅ ማወቅ የመምህሩ ሥራ ነው።

እንግዲህ ከመምህራን የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። አንደኛ፥ ተማሪው ከመሄዱ በፊት ማደሪያው የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን ተጠይቆ በጽሑፍ ይሰጠው። ሁለተኛ፥ በዕረፍቱ የሚያርፍበት ቤት ከወዲሁ ይታሰብለት፤ ካልተገኘም ራሱ ለኃላፊዎቹ እንዲናገር፥ መጠየቅም ልመና እንዳልሆነ ይማር። ሦስተኛ፥ «እሺ» እና «አይ» በዚያ አገር ምን ማለት እንደሆኑ በክፍል ውስጥ በተግባር ይለማመድ። አራተኛ፥ ታኅሣሥ 29 ቀን ከአገሩ አንድ ሰው ይደውልለት። ነገር ግን ስልኩ ሁለት ፊት አለው፤ ቀኑን ሙሉ ከእናቱና ከጓደኞቹ ጋር ሲነጋገር የሚውል ልጅ ናፍቆቱን ያስታግሣል እንጂ አጠገቡ ያለውን ደጅ አያንኳኳም። አምስተኛ፥ ሲመለስ ስለ ፈተናው ብቻ ሳይሆን ስለ ገባበት ቤት ይጠየቅ፤ መልሱም ለሚቀጥለው ተማሪ ይጻፍ።

በክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ትምህርት ከመጽሐፍም ማግኘት ይቻላል። የሰው ቤት ገብቶ፥ ከሰው ጋር በልቶ፥ የራሱን ሳይጥል የሌላውን አክብሮ መውጣትን ግን መጽሐፍ አያስተምረውም። ልጁን ለዚያ ፈተና ሳያዘጋጁ መላክ፥ ስንቅ ሳይቋጥሩ መንገደኛ መሸኘት ነው። መምህራንም ስንቁን ከወዲሁ እንዲቋጥሩ አደራ ተብሎ ንግግሩ በዚሁ ይፈጸማል።