በአደባባይ ነፃነት፤ በቤት ውስጥ ዝምታ
(በተማሪዎች ኅብረት የንባብ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው የንባብ ምሽት አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፣ «አፍሪቃዊ ደራሲ የቤቱን ገመና ለባዕድ ማሳየት ይገባዋልን?» ብሎ ጠየቀ። ጊዜው ስለ መሸ መልስ ሳናገኝለት ተለያየን። ዛሬ በአንድ የናይጄሪያ ልብ ወለድ አማካይነት መልሱን ለመፈለግ እንሞክራለን።

መጽሐፉ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቺ በ2003 ያሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ «ፐርፕል ሂቢስከስ» ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጠራለን። ስሙን ያገኘው ወይን ጠጅ ቀለም ካለው ብርቅ አበባ ነው። ደራሲዋ በ1977 ኢኑጉ ላይ ተወልዳ፣ አባቷ የስታቲስቲክስ መምህር በነበሩበት በንሱካ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አደገች። ያደገችበትም ቤት ቀድሞ ቺኑዋ አቼቤ የኖረበት ነው።

ታሪኩን የምትነግረን የ15 ዓመቷ ካምቢሊ ናት። አባቷ ዩጂን ባለ ፋብሪካ ሀብታም፣ ለድኻ እጁን የሚዘረጋ፣ ወታደራዊውን መንግሥት በጋዜጣው ደፍሮ የሚነቅፍ ሰው ነው። የጋዜጣው አዘጋጅ በተላከለት ፈንጂ መገደሉን ስናነብ፣ በ1986 ሌጎስ ላይ በዚሁ ዐይነት የሞተው ጋዜጠኛ ዴሌ ጊዋ ትዝ ይለናል። ይኸው የነፃነት ጠበቃ ግን በቤቱ ሚስቱን ፅንስ እስኪወርዳት ድረስ ይደበድባል። ልጁንም «ከአረማዊ» አያትሽ ጋር በአንድ ጣራ ሥር አድረሻል ብሎ በእግሯ ላይ የፈላ ውሃ ያፈስሳል፤ እያፈሰሰም ያለቅሳል።

ከሁሉ ይልቅ የነካን ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው። አባትየው ሻይ ሲጠጣ የፍቅር ምልክት ነው ብሎ ለልጆቹ አንዳንድ ጉንጭ ያቀምሳቸዋል። ሻዩ ምላስ ያቃጥላል፤ ካምቢሊም ቃጠሎውን ከፍቅሩ ለይታ አታውቅም። መጽሐፉን ያላነበባችሁ ይቅር በሉን፤ በመጨረሻ እናቲቱ መርዙን የምትጨምረው በዚሁ ሻይ ውስጥ ነው።

ካምቢሊ ድምፅዋን የምታገኘው ንሱካ፣ በአክስቷ በኢፌኦማ ቤት ነው። አክስቷ ባሏ የሞተባት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ቤቷ ጠባብ ነው፤ ውሃና ነዳጅ ይቸግራል። ነገር ግን ልጆቿ ይስቃሉ፣ ይጠይቃሉ፣ እናታቸውንም ይከራከራሉ። በአባቷ ቤት ሁሉ ሞልቶላት ስቃ የማታውቀው ልጅ መሳቅን የተማረችው ከዚህ ከጎደለው ቤት ነው።

ተቺዎች መጽሐፉን በመልካም ተቀበሉት። በ2004 ለኦሬንጅ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ እጩዎች አንዱ ሆነ፤ በ2005 ደግሞ የኮመንዌልዝን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ብዙዎች በ1958 ከታተመው ከአቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ጋር አስተያዩት፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ራሱ ያንን ርእስ ያስታውሳልና። የአቼቤ ኦኮንኮ ቤቱን የሚያስፈራው የአባቶቹን ሥርዐት ይዞ ነው፤ ዩጂን ግን ያን ሥርዐት ባፈረሰው አዲስ እምነት ስም ይመታል። ሌሎች ተቺዎች የዩጂን ቤት የአምባገነኑ መንግሥት ምሳሌ ነው ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው፤ ዳሩ ግን የተቃጠለው እግር አስቀድሞ የአንዲት ልጅ እግር መሆኑን መርሳት አይገባንም።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። አዲቺ በ2009 ባደረገችው የታወቀ ንግግር እንደ ነገረችን፣ አንድ ተማሪ የናይጄሪያ ወንዶች በልብ ወለድዋ እንዳለው አባት ደብዳቢዎች መሆናቸው እንዳሳዘነው ገለጸላት። እርሷም በአሜሪካ ስለ ነፍሰ ገዳይ የተጻፈ ልብ ወለድ ማንበቧን ጠቅሳ፣ የአሜሪካ ወጣቶች ሁሉ ገዳዮች መሆናቸው እንደሚያሳዝን መለሰችለት። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? አንድ ሰው አይቶ ሕዝብን ሁሉ ያየ የመሰለው የአንባቢው ነው እንላለን። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ኢፌኦማም ወጣቱ ቄስ አማዲም እንደ ዩጂን አማኞች ናቸው፤ ነገር ግን እንደ እርሱ ጨካኞች አይደሉም።

እናቲቱን በተመለከተ እኛው ራሳችን አልተስማማንም። ከመካከላችን ግማሾቹ ሌላ መውጫ አልነበራትም ሲሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ወንድ ልጇ ጃጃ ጥፋቷን በራሱ ላይ ወስዶ መታሰሩን እያነሡ ይከራከራሉ። ፍርዱን ለእናንተ ትተናል።

አንድ ነገር ግን ለራሳችን ሳንናገር አናልፍም። በዚህ አዳራሽ ስለ ነፃነት ስንናገር እናጨበጭባለን። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ግን ታናናሾቻችን ፊታችን ደፍረው ይናገራሉን? ወይስ እኛን ሲያዩ ዝም ይላሉ? ገመናን ሸፍኖ ማኖር ክብር መስሎን ከሆነ፣ ካምቢሊን ዝም ካሰኟት ሰዎች ወገን ሆነናል ማለት ነው።