ከቃጠሎ በኋላ ምን ይመለስ?



በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ የመጀመሪያው ሕንፃ፣ በቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመን ሲታነጽ፣ ክብ ነበር። መብረቅ ካወደመው በኋላ የተተካው ግን ዛሬ የምናየው ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅርጹ ተለወጠ፣ ስሙና ጸሎቱ ቀጠለ። ፓሪስ ተቃራኒውን መረጠች፦ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2019 የነደደው የኖትር ዳም ጣሪያ እንደ ቀድሞው በእንጨት ተዋቅሮ፣ ካቴድራሉ በዲሴምበር 2024 ተከፈተ።

ስለ እኛው ድሬ ሼክ ሁሴን ሳስብ ሁለቱም መልሶች አይበቁኝም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ የሰፈረው ይህ ስፍራ ዘያሪዎች በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጎርፉበት ሕያው መካን ነው። እዚያ ከእሳት ይልቅ የምፈራው ሲሚንቶን ነው። በኖራ የተለሰነ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበቱን ያስተነፍሳል፤ ጠንካራው ሲሚንቶ ግን ውኃውን ከውስጥ ያስቀራል፤ ልስኑ ይነሣል፣ ድንጋዩም ከበስተኋላው ይፈረፈራል። ይህ ጉዳት አዝጋሚ ስለሆነ ገንዘብ የሚያዋጣለት አያገኝም፤ ለቃጠሎ ግን ዓለም ያዋጣል። ስለዚህ ከማናቸውም እድሳት በፊት የነባሩ ልስን ናሙና ተወስዶ ይመርመር፤ ሥራውን የሚያውቁ የአካባቢው አረጋውያን ይጠየቁ፤ የእድሳቱም ወቅት ከዝያራው ጋር አይጋጭ።