ደም ግፊትና የልብ ሕመም፤ አርሶ አደሩ መቼ ወደ ሕክምና ይሂድ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ዓይነቱ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ብዙ ይነገራል። ይህ ሁሉ ግን ፍሬ የሚያፈራው ጤናና ጉልበት ያለው አባል ሲኖር ነው። አንድ የቤተሰብ ኃላፊ በድንገት ግማሽ አካሉ ሲሰንፍ ማሳው ለእኩል አራሽ ይሰጣል፣ በሬው ለሕክምና ይሸጣል፣ ልጅ ከትምህርት ገበታ ይቀራል። የብዙ ዓመት ጥሪት በአንድ ክረምት ያልቃል። ለዚህም ነው የደም ግፊትና የልብ ሕመም ለዛሬው በዓል የመወያያ ርዕስ ሆኖ የተመረጠው።

ስሙ የሚያሳስት ሕመም

በየመንደሩ ይህ ሕመም የሚታወቀው «ደም ብዛት» በሚለው ስም ነው። ስሙ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። ደሙ በዝቷል ተብሎ ስለሚታሰብ በዋግምት ደም የሚያስወጣ አለ። «ደም ማነስ አለብህ ስለተባልኩ ደም ብዛት አይዘኝም» ብሎ የሚዘናጋም አለ። ሁለቱም ስህተት ነው። ሕመሙ የደም መጠን መብዛት አይደለም። ደም በሥሮች ውስጥ ሲዘዋወር የሥሮቹን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ከልክ ማለፉ ነው። ስለሆነም ትክክለኛ ስሙ ደም ግፊት ነው። ደም ማነስ ያለበት ሰውም ደም ግፊት ሊይዘው ይችላል።

የመስኖ ፓምፕ የሚጠቀም አርሶ አደር ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ልብ ፓምፑ ነው፤ የደም ሥሮች ቱቦዎቹ ናቸው። ቱቦው ሲጠብና ሲደድር ፓምፑ ያንኑ ውኃ ለማድረስ ከአቅሙ በላይ ይገፋል። ውሎ አድሮ ወይ ቱቦው በደካማ ቦታው ይፈነዳል፣ ወይ ፓምፑ ይደክማል። በሰውም እንዲሁ ነው። የአንጎል የደም ሥር ሲፈነዳ ወይም ሲደፈን ስትሮክ ይባላል። ልብ ደም የመርጨት አቅሟ ሲቀንስ የልብ ድካም ይባላል። ኩላሊትና ዓይንም ከጉዳቱ አያመልጡም።

ደም ግፊት በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል። የላይኛው ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። ከ120 በ80 በታች ሲሆን ጤናማ ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ደም ግፊት ይባላል። በአንድ ቀን ልኬት ብቻ አይወሰንም። ሩቅ መንገድ በእግሩ መጥቶ ወዲያው የተለካ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሊልበት ይችላል። ስለዚህ ተለኪው ቢያንስ 5 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ይረፍ፤ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣ፣ ሲጋራ አያጭስ፤ ሽንቱን ሸንቶ ይምጣ፤ እግሩን አያጣምር፤ ክንዱን ገልጦ በልቡ ትይዩ ያሳርፍ፤ በሚለካበት ጊዜም አያውራ።

ሕመም እስኪሰማ መጠበቅ

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ደም ግፊት ግን በሽተኛው ሳይደብቀው ራሱን የሚደብቅ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ራስ ምታት የለው፣ ውጋት የለው፣ ትኩሳት የለው። የማሽላ ገበሬ አቀንጭራን ያውቃታል። ከመሬት በላይ ብቅ ከማለቷ በፊት ሥር ላይ ተጣብቃ አዝመራውን ስትመጥ ትከርማለች። አበባዋ ሲታይ ዋናው ጉዳት ደርሷል። ደም ግፊትም ምልክት እስኪያሳይ ከተጠበቀ የሚያሳየው ምልክት ስትሮክ ወይም የልብ ድካም ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 1.3 ቢሊዮን ያህሉ ከፍተኛ ደም ግፊት አለባቸው። ከእነዚህም ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም። በአገራችንም በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ «ይህ የከተማና የባለጸጋ በሽታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚውል ሰው አይይዘውም» የሚለው አባባል አያዋጣም። ሥራ ሰውነትን ይጠቅማል። ሆኖም ዕድሜን፣ የዘር ውርስን፣ የጨው ብዛትን፣ አረቄንና ትምባሆን አያሸንፍም።

መፍትሔው መለካት ነው። ዕድሜው ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቢለካ ይመከራል። በቤተሰቡ ውስጥ ደም ግፊት ያለበት ወይም የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ሰው በወጣትነቱም መለካት ይኖርበታል። ነፍሰ ጡር እናት በእያንዳንዱ የእርግዝና ክትትል መለካት አለባት።

መድኃኒቱን ማቋረጥ

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ነው። አንድ አባል ጤና ጣቢያ ሄዶ አምሎዲፒን ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይታዘዝለታል። ወር ሁለት ወር ይውጣል። ተመልሶ ሲለካ ቁጥሩ ወርዶ ያገኘዋል፤ «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ቁጥሩን ያወረደው ግን መድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ግፊቱ ይመለሳል፤ ሲመለስም አይናገርም። መድኃኒት የሚቀነሰውም የሚቀየረውም በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ነው። እግር ማበጥ፣ ደረቅ ሳል ወይም ማዞር ከመጣ ለባለሙያው ይነገር፤ ሌላ መድኃኒት ሊለወጥ ይችላል።

ጾመኛ የሆነ ሰው የሚውጥበትን ሰዓት ከባለሙያው ጋር ተነጋግሮ ወደ ማፍጠሪያው ማስተካከል ይችላል። ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጠመቅ። የጎረቤትን መድኃኒት ተበድሮ መዋጥ ግን አደገኛ ነው። ለምሳሌ ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ለወገብ ሕመም ከየሱቁ እየተገዛ የሚዋጠው ዲክሎፌናክም ግፊትን ከፍ ሊያደርግና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ምክር አይወሰድ።

ቀጠሮ የማይሰጡ ምልክቶች

ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘሩት ምልክቶች ሲታዩ «አውድማው ይለቅ»፣ «የገበያ ቀን ይድረስ» አይባልም። በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ስትሮክ። የፊት አንድ ጎን በድንገት ይወርዳል ወይም አፍ ይጣመማል፤ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ይሰንፋል፤ ምላስ ይተሳሰራል። ቤተሰብ ሰውየውን ፈገግ እንዲል፣ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ እንዲያነሣ፣ ስሙን እንዲናገር ይጠይቀው። ከሦስቱ አንዱ ካቃተው ጊዜ አይጠፋም። «ብርድ መታው»፣ «ለክፎት ነው» እየተባለ በማሸት ሰዓት ሲባክን የአንጎል ክፍል ይሞታል። ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ይያዝ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። በአፉ ምግብም፣ ውኃም፣ መድኃኒትም አይሰጠው፤ ሊያንቀው ይችላል። ራሱን ከሳተ በጎኑ ይተኛ። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋ እንኳ መሄዱ አይቀርም፤ የትልቁ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛ፣ የደረት ሕመም። እዚህም ላይ ቋንቋችን ያሳስታል። «ልቤን አቃጠለኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ጨጓራውን ማለቱ ነው። «ጨጓራዬ ነው» ብሎ የተኛው ደግሞ ልቡ ሊሆን ይችላል። ደረት መሐል ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን ወይም ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት፣ ዕረፍት ተደርጎ በጥቂት ደቂቃዎች የማይለቅ ከሆነ የልብ ሥር መደፈን ተብሎ ይጠርጠር። በሴቶችና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ሕመሙ ላይጎላ ይችላል። ድንገተኛ ድካም፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የልብ ድካም። ቀድሞ በቀላሉ የሚወጣውን ዳገት ሲወጣ ማለክለክ፣ ሌሊት ትራስ ደራርቦ ካልሆነ መተኛት አለመቻል፣ ሌሊት ታፍኖ መንቃት፣ ማታ ማታ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ የእግር እብጠት ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ቀስ በቀስ ሲመጡ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይታዩ። ቁጭ ባለበት ትንፋሽ ካጠረው ግን አምቡላንስ ይጠራ።

አራተኛ፣ የነፍሰ ጡር ደም ግፊት። ከአምስተኛው ወር ወዲህ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን በታች የላይኛው ሆድ ሕመም፣ የፊትና የእጅ ማበጥ ከታየ ለእናቲቱም ለጽንሱም አደገኛ ነው። የሚያንቀጠቅጣት ከሆነ ደግሞ ደቂቃም አይጠበቅም። ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታትም ይህ ሊከሰት ይችላል።

አምስተኛ፣ ቁጥሩ 180 በ120ና ከዚያ በላይ ሆኖ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመም፣ መዘባረቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይኬዳል። ምንም ምልክት ከሌለም ጥቂት አርፎ ይደገምና ካልወረደ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይኬዳል።

የሕፃናት ጉሮሮና ልብ

የልብ ሕመም የሽማግሌ ብቻ አይደለም። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለልብ ሕመም የሚዳርገው በልጅነት የሚጀምር የጉሮሮ ቁስለት ነው። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር ሕመም ያስከትላል። የልብን በሮችም ያበላሻል። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ይህን አያስቀሩም፤ የደም መፍሰስና ሌላ ልክፈት ይጨምራሉ እንጂ። ጉሮሮውን የታመመና ትኩሳት ያለበት ልጅ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የታዘዘለትን መድኃኒትም እስከ መጨረሻው ይውሰድ። ልቡ የተነካ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን ለዓመታት የሚቀጥል ነው። ልጁ ደህና ሆኖ ሲሮጥ ቢታይም ቀጠሮው አይታጠፍ።

በቤትና በማኅበር ምን ይደረግ?

በቤት ውስጥ ዋናው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ከላይ በተጠቀሰው የ2007 ዓ.ም. ጥናት አንድ ሰው በአማካይ ከ8 ግራም በላይ እንደሚበላ ታይቷል። ጨው በወጡ ላይ ብቻ አይደለም ያለው፤ በሽሮው፣ በበርበሬው፣ በአዋዜው፣ በዳቦው፣ በአንዳንድ ቦታም በቡናው አለ። ስለዚህ ሲፈጭ የሚገባው ጨው ይቀነስ፤ የሚገዛው ግን አዮዲን ያለው ይሁን። በጓሮ የሚለማው ጎመን፣ ቲማቲምና ፍራፍሬ ሁሉ ለገበያ አይውጣ፤ ከፊሉ ለቤት ይቅር። አረቄ ይቀነስ፤ ትምባሆና ጫት ይተዉ።

በማኅበር በኩል ደግሞ ማዳበሪያ በሚታደልበት፣ የትርፍ ድርሻ በሚከፈልበትና ጠቅላላ ጉባኤ በሚደረግበት ቀን አባላት አንድ ላይ ይሰበሰባሉ። በእነዚህ ቀናት ከጤና ጣቢያው ጋር በመነጋገር ልኬት እንዲካሄድ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ቁጥር በማኅበሩ መጋዘንና ጽሕፈት ቤት በር ላይ በትልቁ ይጻፍ። በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የመናገሪያ ጊዜ ይሰጣቸው። በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አባሉ በታመመ ጊዜ በሬውን ከመሸጥ የሚያድን ነው። መዋጮው ምርት በተሸጠ ሰሞን፣ ገንዘቡ ለሌላ ሳይውል ቢከፈል ይመረጣል።

ክቡራን አባላት፤ አርሶ አደር አዝመራው እስኪጠወልግ አይጠብቅም፤ ማሳውን ማልዶ ይጎበኛል። ለገዛ ሰውነቱም ይህን ያህል ቢያደርግ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ዛሬ ከዚህ በዓል ሲመለስ እያንዳንዱ አባል የእሱንና የባለቤቱን የደም ግፊት ቁጥር ያውቅ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። የማያውቅ ከሆነ የሚቀጥለው ጉዞው ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሁን።