የዘገየ ደመወዝ እና የተዘለለ መዋጮ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጥናት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ጉባኤ ለጥናት ኮሚቴያችን አንድ አደራ ተሰጥቶት ነበር። ይኸውም የአዳራሻችን ጣሪያ ስለሚያፈስ፣ ለጥገናው የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ከየወሩ መዋጮ ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ድርሻ ለሁለት ዓመት ይቁም የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ አባሎች ስለቀረበ፣ ጉዳዩን አጥንተን አስተያየታችንን እንድናቀርብ ነው። ስናጠናው ግን ነገሩ የቆርቆሮና የሚስማር ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ሰው ዛሬ አዋጥቶ ነገ የሚያገኘውን ነገር ማን ይጠብቅለታል የሚል ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። ይህ ጥያቄ ከእኛ እጅግ በሚበልጡ መንግሥታት ላይ ደርሶ ውጤቱ ታይቷል። ብልህ ከሰው፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል እንደሚባለው፣ ወደ ውሳኔው ከመግባታችን በፊት በአሜሪካ በሦስት ቦታዎች በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታና ማኅበር ላይ የደረሰውን እንድታዳምጡን እንጠይቃለን።

የአሜሪካን ነገር ምን አመጣው የሚል ይኖር ይሆናል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግለን ዛሬ በጡረታ የምንኖር ነን። ከልጆቻችንም መካከል እዚያ አገር የከተማ አውቶቡስ የሚነዱ፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል የሚሠሩ፣ የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆኑ አሉ። ስለዚህ ወሬው የሩቅ ቢሆንም ጉዳዩ የሩቅ አይደለም።

በመጀመሪያ ጡረታ ምን እንደሆነ እንስማማ። ጡረታ ምጽዋት አይደለም፤ የመንግሥት ስጦታም አይደለም። የዘገየ ደመወዝ ነው። በእኛ አገር ሕግ ከሲቪል የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ይህ ገንዘብ ሠራተኛው ሠርቶ ያገኘው ሆኖ ሳለ ዛሬ አይበላውም፤ ለእርጅናው ይቆየዋል። የዕድር መዋጮም እንደዚሁ ነው። ሠላሳ ዓመት ከፍለው ዛሬ ድንኳን የሚተከልላቸው እናት ውለታ አልተዋለላቸውም፤ የራሳቸውን ነው የወሰዱት።

ታዲያ የዘገየ ደመወዝ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ዛሬ ሳይቀመጥ ቢቀር ዛሬ ማንም አይጮኽም። የመምህሩ የወር ደመወዝ ቢቀር በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ለጡረታው የሚቀመጠው ቢቀር ግን ሃያ ዓመት ዝም ይባላል። አብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በሕግ በየዓመቱ ወጪያቸውን ከገቢያቸው ጋር ማስተካከል አለባቸው፤ እንደ ፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ማተምም አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የገንዘብ ቀውስ ደርሶ የግብር ገቢያቸው ሲያሽቆለቁል፣ ቀናው መንገድ ግብር መጨመር ወይም አገልግሎት መቀነስ ነበር። ሁለቱም ሕዝብ ያስቆጣሉ። ሦስተኛው መንገድ የሠራተኛውን ጥቅም መንካት ሆነ።

እንግዲህ ከዊስኮንሲን እንጀምር። ይህ ክፍለ ግዛት በመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም አለው። አፍስሚ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ታላቁ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1932 በዚሁ ክፍለ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች በማኅበራቸው አማካይነት እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ በማውጣት ዊስኮንሲን ከሁሉም ቀደመች። ሠራተኞቹ በድርድር ካገኟቸው ጥቅሞች አንዱ ከእነርሱ ደመወዝ መቆረጥ የነበረበትን የጡረታ ድርሻ አብዛኛውን አሠሪው እንዲከፍልላቸው ነበር። ይህም እንዲሁ በነጻ የተሰጠ አልነበረም፤ ለደመወዝ ጭማሪ ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ በዚህ መልክ የተከፈለ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ሥልጣን የያዙት አገረ ገዥ ስኮት ዎከር በየካቲት ወር አንድ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት 3.6 ቢሊዮን ዶላር ጉድለት አለ አሉ። ረቂቁ ሁለት ነገር ይዞ ነበር። አንደኛው የገንዘብ ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 5.8 በመቶ ያህል ለጡረታው እንዲያዋጣ፣ የክፍለ ግዛቱም ሠራተኛ ከሕክምና ኢንሹራንሱ ክፍያ 12.6 በመቶ ያህሉን እንዲሸፍን። ሁለተኛው ግን የገንዘብ አልነበረም። ማኅበሩ ከመነሻ ደመወዝ በቀር በሌላ ነገር እንዳይደራደር፤ ጭማሪውም በሕዝበ ውሳኔ ካልተፈቀደ ከዋጋ ንረት እንዳይበልጥ፤ የማኅበሩ መዋጮ ከደመወዝ ላይ መቆረጡ እንዲቀር፤ ማኅበሩም በየዓመቱ እንደገና እንዲመረጥ የሚል ነው። ፖሊሶችና እሳት አጥፊዎች ከዚህ ነጻ ተደረጉ።

በምርጫው ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ምክንያቱም የዕድር ሰው ቶሎ ይገባዋል። ማኅበሩ እንዲቀጥል ከሚወከሉት ሠራተኞች ሁሉ 51 በመቶው መደገፍ አለባቸው። ድምፅ ከሰጡት ሳይሆን ከጠቅላላው ነው። ድምፅ ያልሰጠ ሰው እንደተቃወመ ይቆጠራል ማለት ነው። እስቲ የኛ ዕድር በዚህ ደንብ ይተዳደር ብንል፣ ዛሬ እዚህ ያልመጣው ሁሉ “ዕድሩ ይፍረስ” ብሏል ተብሎ ቢጻፍበት፣ ስንተኛው ዓመት ላይ እንፈርስ ነበር? መልሱን ለጸሐፊያችን የስም መቆጣጠሪያ መዝገብ እንተወዋለን።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የማኅበራቱ መሪዎች “ገንዘቡን እንቀበላለን፤ የመደራደር መብታችንን ግን አትንኩ” ማለታቸው ነው። ጉዳዩ የበጀት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ባለቀ ነበር፤ አላለቀም። 14 የተቃዋሚ ፓርቲ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሞላ ብለው ድንበር ተሻግረው ኢሊኖይ ገቡ። በዋና ከተማው በማዲሰን ሕዝቡ በብርድ የምክር ቤቱን ሕንፃ ሞላው፤ ሰልፈኛው በአንዳንዱ ቀን ወደ 100 ሺህ ተገመተ። ሆኖም ሕጉ እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ተፈረመ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ አገረ ገዥውን ከሥልጣን ለማውረድ በተደረገው ምርጫ ያሸነፉት እርሳቸው ነበሩ።

የሁለቱንም ወገን ቃል መስማት ይገባል። የሕጉ ደጋፊዎች ግብር ከፋዩ ብዙ ገንዘብ ተረፈለት፤ ትምህርት ቤቶችና ማዘጋጃ ቤቶችም በጀታቸውን ማስተካከል ቻሉ ይላሉ። በእርግጥም ጡረታ የሌለው የግል ሠራተኛ የጎረቤቱን ጡረታ በግብሩ ሲከፍል ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ሠራተኞቹ ደግሞ በአንድ ጊዜ እጃችን ላይ የሚደርሰው ደመወዝ ተቀነሰ፤ ለምን ብለን የምንጠይቅበት ጠረጴዛም ተወሰደብን ይላሉ። በዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ2010 ከመቶ ሠራተኛ 14 ያህሉ የማኅበር አባል ነበሩ፤ በ2016 ወደ 8 ወረዱ። ክርክሩም አልበረደም፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 አንድ የአውራጃ ዳኛ አብዛኛው የሕጉ ክፍል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ሲፈርዱ፣ ነገሩ ወደ ይግባኝ ሄደ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልን። በዚህ ሁሉ ግርግር የዊስኮንሲን የጡረታ ሣጥን አልጎደለም ነበር። በአሜሪካ ካሉት ሣጥኖች ሁሉ በደንብ ከተሞሉት አንዱ ነው። ምክንያቱ ምሥጢር የለውም። የሚፈለገው መዋጮ በየጊዜው ገቢ ይደረግበታል፤ ደንቡም ትርፉ ሲወርድ ለጡረተኛው ከዚህ በፊት የተጨመረለት እንዲቀነስ፣ ትርፉ ሲወጣ እንዲጨመር ያዛል። ከ2008 ቀውስ በኋላ ለተከታታይ ዓመታት የጡረተኞች ክፍያ ዝቅ ብሎ ነበር። መራራ ነው፤ ግን አስቀድሞ የታወቀ መራራ ነው።

ወደ ጎረቤቷ ወደ ኢሊኖይ እንሻገር። እዚያ ነገሩ በግልባጩ ነው። እ.ኤ.አ. የ1970ው የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ሊቀነስም ሊሸረሸርም አይችልም ይላል። ከዚህ የበለጠ የወረቀት ዋስትና አይገኝም። ሠራተኛውም ድርሻውን በየደመወዙ ይቆረጥ ነበር። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ግን የራሱን ድርሻ ለብዙ ዓመታት አጉድሎ ከፈለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሣጥኑን እስከ 2045 ድረስ 90 በመቶ እሞላለሁ የሚል ዕቅድ አወጣ፤ ትልቁ ክፍያ ወደ ኋለኞቹ ዓመታት ተገፋ። እርሱም ከበደው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 የበጀት ዓመታት መክፈል ካለበት ቀንሶ ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ አዋለ። ሁለት ዓመት ብቻ ነው ተብሎ ነበር።

ሁለት ዓመት! እኛም ጋ የቀረበው ሐሳብ ሁለት ዓመት የሚል ስለሆነ ቆም ብለን አነበብነው።

ዕዳው ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2013 ምክር ቤቱ የጡረተኛውን ጥቅም የሚቀንስ ሕግ ቢያወጣ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2015 በሙሉ ድምፅ ሻረው። ጡረተኛው ረታ፤ እሰየው። ነገር ግን ፍርድ ቤት ገንዘብ አይወልድም። ዕዳው እንዳለ ቆየ፤ በየዓመቱም ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ሊውል የሚችለውን እየበላ ነው። ከሁሉ በላይ የተጎዳው ማነው ቢባል ወጣቱ ነው። ከጥር 2011 ወዲህ ለተቀጠሩት በወጣው ሕግ አብዛኞቹ ሙሉ ጡረታ የሚያገኙት በ67 ዓመታቸው ሲሆን፣ ጥቅሙም ከቀደሙት ያነሰ ነው። ከእነዚህ መካከል መምህራኑ የአገሪቱ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው ጡረታ እንኳ በዚህ ሥራቸው አይታሰብላቸውም። አባት የዘለለውን መዋጮ ልጅ ከፈለው ማለት ነው።

ሦስተኛዋ የዲትሮይት ከተማ ናት። የሚሽጋን ሕገ መንግሥትም ለጡረታ ዋስትና ይሰጣል። ይሁን እንጂ ከተማዋ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 2013 ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር ከሚገመት ዕዳ ጋር ለፌዴራል ፍርድ ቤት ኪሣራዋን ስታስታውቅ፣ ዳኛው ጡረታም ቢሆን ሊቀነስ ይችላል ብለው ወሰኑ። በመጨረሻ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ክፍለ ግዛቱና የከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተረዳድተው ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስላሰባሰቡ ጉዳቱ ተቃለለ። ጡረተኞቹም በዕቅዱ ላይ ድምፅ ሰጥተው ተቀበሉት። የጠቅላላ አገልግሎት ጡረተኞች 4.5 በመቶ ተቀነሰባቸው፤ ከዋጋ ንረት ጋር የሚጨመርላቸውም ቀረ። የፖሊሶችና የእሳት አጥፊዎች መነሻው ባይነካም ዓመታዊ ጭማሪያቸው ከግማሽ በታች ወረደ። የሁሉም የሕክምና ጥቅም እጅግ ተመናመነ።

ከሦስቱ ምን እንቅሰም? እኛ ያገኘነው ይህን ነው። የዘገየ ደመወዝ በሁለት እግር ይቆማል። አንደኛው እግር በየጊዜው ሳይዘለል የሚቀመጥ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው፣ መቀነስ ግድ ሲሆን ባለቤቱ ተቀምጦ የሚነጋገርበት ጠረጴዛ ነው። ዊስኮንሲን የመጀመሪያውን ይዛ ሁለተኛውን ቆረጠች። ኢሊኖይ ጥሩ ወረቀት ጽፋ የመጀመሪያውን አጎደለች። ዲትሮይት ሣጥኗ ከጎደለ በኋላ ጡረተኞቿን ጠየቀች፤ በዚያን ሰዓት የሚመረጠው በክፉና በባሰ መካከል ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴያችን ለጉባኤው የሚከተለውን ያቀርባል።

1ኛ/ የመጠባበቂያው ድርሻ ለአንድ ወርም ቢሆን እንዳይቆም። ጣሪያው ይጠገን ያሉት አባሎች እውነት አላቸው፤ ድንኳኑና ወንበሩ በዝናብ እየተበላሸ ነው። ነገር ግን የጣሪያው ገንዘብ ስሙ ተጠርቶ ይዋጣ፤ ማለት ለብቻው ደረሰኝ፣ ለብቻው መዝገብ ያለው ጊዜያዊ መዋጮ ይሁን። ሰው የሚከፍለውን ሲያይ ይጠይቃል፤ የተዘለለውን ግን አያየውም።

2ኛ/ የቀብር ማስፈጸሚያውን ወይም የእዝኑን ወጪ መቀነስ ግድ የሚልበት ቀን ቢመጣ፣ ለነባርና ለአዲስ አባል እኩል ይሁን። በአዲስ ገቢዎች ላይ ብቻ የሚጫን ደንብ አይውጣ። ነገ ሬሳችንን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና።

3ኛ/ በደንቡ መሠረት ዕድሜያቸው ገፍቶ ከመዋጮ ነጻ የተደረጉት አረጋውያን መብታቸው እንዳለ ይጠበቅ፤ ሆኖም ብዛታቸው በየዓመቱ ተቆጥሮ ለእነርሱ የሚያስፈልገው ገንዘብ በቅድሚያ ይቀመጥ። ቃል ገብቶ ገንዘቡን በጊዜው አለማስቀመጥ ነው ኢሊኖይን የጎዳት።

4ኛ/ ገንዘብ ያዣችን የመጠባበቂያውን ሒሳብ በየሦስት ወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፉ። በዚህ የሚነካ ክብር የለም፤ ይልቁንም ሐሜትን ያርቃል።

ክቡራትና ክቡራን፤ ጥሩምባ ተነፍቶ “እገሌ ዐርፏል” ሲባል መዝገብ ገልጠን “ሣጥኑ ባዶ ነው” የምንል ዕድር እንዳንሆን፣ ውሳኔው ዛሬ በእጃችሁ ነው። ሐሳባችንን ነቅፋችሁም ሆነ ደግፋችሁ ተናገሩበት። ጠረጴዛው ይኸው፤ የናንተ ነው።



የዕድሩ የጥናት ኮሚቴ