የፋይል ወንፈል
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በተሰጠኝ ጊዜ ልናገርበት ያሰብሁት ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት የወጣቶች ጨዋታ ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን ከደብዳቤና ከመዝገብ ጋር የምንውለውን ሁላችንን የሚነካ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም ሰዎች ዘፈንን፥ ፊልምንና መጽሐፍን በኮምፒዩተር መስመር እርስ በርሳቸው የሚቀባበሉበት ዘዴ፥ በተለይም ቶረንት የተባለው፥ እንዴት ተነሥቶ እንዴት እንደ ደከመ ነው። ታሪኩን ከአሜሪካና ከስዊድን በኩል ብቻ ብናየው ግማሹ ስለሚሰወርብን፥ የምዕራብ ጎንደርን ቆላ፥ መተማን፥ ምስክር አድርጌ አቆማለሁ። ዓመታቱንም የምቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

በ1999 ናፕስተር የሚባል ፕሮግራም በአሜሪካ ወጣ። ዘፈኑ በየሰዉ ኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠ ነበር፤ ማን ምን እንዳለው የሚያመለክተው ዝርዝር ግን በአንድ ኩባንያ ቤት ብቻ ይገኝ ስለ ነበር፥ ዘፈን አሳታሚዎች ከስሰው በረቱ ጊዜ በ2001 ዝርዝሩ ሲዘጋ መንገዱ በሙሉ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ብራም ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ ቢትቶረንትን አወጣ።

የዚህን ዘዴ አሠራር ለመግለጽ ከገበሬው ወንፈል የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በወንፈል ዛሬ ሁሉም የእኔን ማሳ ያርማል፤ ነገ እኔ የጎረቤቴን አርማለሁ። በቶረንትም አንድ ፊልም በብዙ መቶ ቁራሽ ይከፈላል፤ አሥረኛውን ቁራሽ የተቀበለ ሰው አሥራ አንደኛውን ከሌላው እየተቀበለ ሳለ፥ አሥረኛውን ደግሞ ላልደረሰው ይሰጣል። በአንድ ቧንቧ ላይ ሰልፈኛ ሲበዛ ውሃው ለእያንዳንዱ ይዘገያል፤ በዚህ ዘዴ ግን ፈላጊው በበዛ ቁጥር ሰጪውም ስለሚበዛ ሥራው ይፋጠናል። ሙሉውን ካገኘ በኋላ ኮምፒዩተሩን ሳይዘጋ ለሌሎች የሚሰጠውን ሰው «ዘሪ» ይሉታል፤ ተቀብሎ የሚሄደውን ደግሞ «አልቅት» ይሉታል። ስሙን ያወጡት ፈረንጆች ቢሆኑም ትርጉሙ ለቆላ ገበሬም ሆነ ለደጋ ከብት ጠባቂ እንግዳ አይደለም።

በ2004 የዓለም ኢንተርኔት ከሚያመላልሰው ሁሉ ሲሶው ያህል የቢትቶረንት እንደ ነበረ ተገምቷል። የስዊድኑ ፓይሬት ቤይ በ2006 ፖሊስ መሣሪያዎቹን ቢወስድበትም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ ተከፈተ፤ በ2009 ግን አራት ሰዎች እስራት ተፈረደባቸው። ኪክአስ ቶረንትስ በ2016 ተዘጋ። ራርቢጂ በ2023 በገዛ እጁ ሲዘጋ ያቀረበው ምክንያት ኮቪድ በባልደረቦቹ ላይ ያደረሰውን ጉዳት፥ የዩክሬንን ጦርነትና የመብራት ዋጋ መናርን ነበር።

ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት ቶረንትን ያደከመው ከፍርድ ቤት ይልቅ ምቾት ነው። ዩቲዩብ በ2005፥ የኔትፍሊክስ የመስመር ፊልም በ2007፥ ስፖቲፋይ በ2008 ከወጡ በኋላ፥ ፊልሙን አውርዶ ማስቀመጥ ለብዙ ሰው አድካሚ ሆነ። የእጅ ስልክ ደግሞ ኮምፒዩተርን ተካ። ስልክ ለመቀበል እንጂ ለመዝራት አልተፈጠረም፤ ባትሪው ያልቃል፥ ዳታውም በገንዘብ ይቆጠራል። ዘሪ የሌለው ቶረንት ባዶ ጎተራ ነውና፥ ወንፈሉ ሰው እየሸሸው ሄደ። ሰው ሁሉ እህሉን ከቤቱ አውጥቶ ከአንድ ባለጸጋ ጎተራ በየዕለቱ እየሰፈረ መብላት ጀመረ ማለት ነው። ባለጸጋው አንዱን ፊልም ከጎተራው ቢያወጣ፥ ወርኀዊውን ክፍያ ሲከፍል የኖረው ሰው በእጁ የሚቀር ነገር የለውም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለመተማ ምኗ ነው? መተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ፥ በ1889 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁባት የቆላ ከተማ ናት። በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወራት ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከደጋው እየወረደ የመተማንና የቋራን እርሻዎች ይሞላል። በዚህ አገር ቶረንት እንደ ስዊድን የሕዝብ ወንፈል ሆኖ አያውቅም። የቴሌኮም አገልግሎት እስከ 2022 ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ይሰጥ ነበር፤ መስመሩ ቀጭን፥ ዋጋውም ለደመወዝተኛ የከበደ ነበር። በዚህ ሁኔታ ለማያውቁት ለባሕር ማዶ ሰው ፊልም ለመዝራት ማን ገንዘቡን ያወጣል?

ነገር ግን ወንፈሉ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። ደኅና መስመር ያለው አንድ ሰው በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ሆኖ ፊልሙን ያወርዳል፤ ከእርሱ በኋላ ፋይሉ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ከሙዚቃ ቤት ወደ ሙዚቃ ቤት፥ በአውቶቡስና በጭነት መኪና፥ እስከ ጠረፍ ይወርዳል። በእጅ የሚዞረው የውጭ ፊልም ስም ጫፍ ላይ የራርቢጂ ምልክት ሲታይ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ሳሉጉ ሚሞሪውን አውጥቶ ለባለ ሙዚቃ ቤቱ ይሰጣል፤ የአማርኛውን፥ የትግርኛውን፥ የሱዳኑን ዘፈን ያስጭናል። (የሱዳን ዘፈንና የእኛ ዘፈን በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚገናኙ ጎረቤታሞች ስለሆኑ፥ በአንድ ሚሞሪ ላይ ቢያድሩ አይጣሉም።) ከዚያ በኋላ መስመር በማይደርስበት የእርሻ ካምፕ ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋል፤ አስቀድሞ በብሉቱዝ፥ በኋላም በሼርኢትና በዜንደር። እነዚህ ሁለቱ ያለ ቴሌኮም መስመር ሁለት ስልኮችን በቀጥታ የሚያገናኙ ስለሆኑ ዳታ አያስቆጥሩም። እንግዲህ የእኛ ሰው ለባሕር ማዶው ቶረንት አልቅት ነበረ፤ በአገሩ ግን ከማንም የበለጠ ዘሪ ነበረ።

በዚህ ዘር መካከል ግን የደከመበት ሰው ድርሻ አልነበረም። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም በጀመረ ጊዜ ሸክላን በቤት መገልበጥ ቀላል አልነበረም። ካሴት ሲመጣ መገልበጥ ቀለለ፤ ሚሞሪ ሲመጣ ደግሞ የደቂቃ ሥራ ሆነ። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፥ ቁጥር 410፥ ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቅዳል፤ ሆነ ብሎ መብት የሚጥስ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ሲወጣ ደንግጎ ነበር። ቃሉ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ ከገበያ ጥግ ተቀምጦ ዘፈን የሚጭነውን ወጣት ሁሉ 10 ዓመት ማሰር እንደማይቻል ሕግ አውጪውም ሳያውቀው አልቀረም። ዘፋኞቹ ራሳቸው በ2019 አውታር የተባለውን መሸጫ አቋቁመው ዘፈንን በስልክ ሒሳብ ለመሸጥ መሞከራቸው፥ እኔ እንደሚመስለኝ፥ ከእስራቱ ይልቅ ወደ መፍትሔው የቀረበ ነው። የሚከፍል ሰው እንዲኖር የመክፈያው መንገድ ከመገልበጫው መንገድ ያልራቀ መሆን ይገባዋልና። የኔትፍሊክስ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ሲሆን፥ የገንዳ ውኃ መምህር በምን ካርድ ሊከፍል ነው?

አሁን የሙዚቃ ቤቱን ሥራ አብዛኛውን የወሰደው ቴሌግራም ነው። በ2013 የተመሠረተው ይህ አገልግሎት እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ያሳልፋል፤ ይህም ለአንድ ፊልም ይበቃል። መጽሐፍም፥ መመሪያም፥ የፈተና ወረቀትም በቻናል ይለቀቃል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2022 ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ስላልበቃ፥ ብዙ መምህር ያስተማረው በስልክ ከሚዞረው ቅጂ ነው። ነገሩ መልካም ሆኖ ሳለ፥ እንደ ናፕስተር እንደገና አንድ በር ሆነ። በየካቲት 2023 ቴሌግራምና ሌሎቹ ማኅበራዊ መገናኛዎች በመላው አገሪቱ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆዩ። ወር ሳይሞላ፥ በነሐሴ 2023፥ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ሳይመለስ ቆየ። ምዕራብ ጎንደርም በዚሁ ውስጥ ነበረች፤ ያውም ከዚያው ዓመት ሚያዝያ ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሸው ሰው በመተማ በኩል ይገባ በነበረበት ጊዜ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ማገናኛውን ብቻ የያዘ ሰውና ቅጂውን የያዘ ሰው ይለያያሉ። የመጽሐፉን አድራሻ ብቻ በቴሌግራም ያስቀመጠው መምህር ባዶ እጁን ክፍል ይገባል፤ በፍላሽ የያዘው ያስተምራል፥ ለባልደረባውም በዜንደር ያካፍላል። ዓለም ጊዜው አልፎበታል ያለው ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል በቆላው አገር መስመር ሲጠፋ ለመቀባበል የሚቀረው መንገድ እርሱ ነው።

ይህን የሚሰማ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አሁን የራሱን ጠረጴዛ ያስብ። የወረዳው ቅጽ፥ የሚኒስቴሩ ሰርኩላር፥ ያለፈው ዓመት ሪፖርት የት ነው ያለው? በእኛ ዘንድ ብዙው ነገር በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ተንሳፎ የሚኖር ነው፤ ግሩፑን የከፈተው ሰው ሲዛወር ወይም ስልኩ ሲጠፋ መዝገቡ የት እንደ ሄደ ይጠየቃል። የመዝገብ ቤቱ ሹም በቀድሞው ጊዜ አንዱን ቅጂ ለባለጉዳዩ፥ አንዱን ለፋይሉ፥ አንዱን ለበላይ አካል በካርቦን ያስጽፍ ነበር። ዛሬ ለዚሁ ሥራ የሚያስፈልገው ዋጋው ቀላል የሆነ ፍላሽና በየዓርቡ ግማሽ ሰዓት ነው።

የተሰጠኝ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል።